አቮካዶው ወንዴ አይደለም፤ ሰዓቱን ጠብቀሽ እዪው

ጥያቄው ከመራዊ የመጣ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦ «በእናቴ ጓሮ ሰባት ዓመት የሞላው፣ በቀንበጥ የተዳቀለ፣ ሀስ የሚባለው ዝርያ አቮካዶ አለን። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ቅጠሉ እስከማይታይ ድረስ ያብባል። ከዚያ አበባው እንደ ገለባ ይረግፍና የምንለቅመው ፍሬ ሃያም አይሞላ። ዘንድሮ ደግሞ አንድ ነገር ገረመኝ። ረፋድ ላይ ቡና ስናፈላ ክፍት የነበረውን አበባ ከምሳ በኋላ ተዘግቶ አገኘሁት፤ በማግስቱ ከሰዓት ተመልሶ ተከፈተ። ጎረቤታችን ሊያዩት መጡና ቢጫ ዱቄት ጣታቸው ላይ ሲቀር ‹ይኼማ ወንዴ ነው፣ እንደ ፓፓያው ቁረጡት› አሉ። እናቴ መጥረቢያ አስለዋል። ምን ትመክሩናላችሁ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ መጥረቢያው ወደ ቦታው ይመለስ። ዛፋችሁ ወንዴ አይደለም። እያንዳንዱ አበባው ሴትም ወንድም ነው፤ በየተራ። አንቺ ረፋድ ላይ ያየሽውና ጎረቤታችሁ ከሰዓት ያዩት ያው አንዱ አበባ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው።

ጎረቤታችሁን አልወቅሳቸውም። እሳቸው የሚያውቁት ፓፓያን ነው። ፓፓያ በርግጥም ወንዴና ሴቴ ዛፍ አለው፤ ወንዴው አበባውን በረጅም ዘንግ አንጠልጥሎ ዓመት ከዓመት ያብባል እንጂ አያፈራም። ስለዚህ አንድ ሁለቱን ለሴቶቹ ትቶ የቀረውን መቁረጥ የአባት ነው። ኮሶም እንደዚያው ነው፤ ደጋ ያደገ ሰው ሴቴው ኮሶ ቀላ ብሎ ሲንዠረገግ ከወንዴው ለይቶ ያውቀዋል። አቮካዶ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው፤ እንኳን የገበሬ ጓሮ፣ እኛን ተምረናል የምንለውንም አሳስቷል። እኔን እንዴት እንዳሳሳተኝ ወረድ ብዬ አጫውትሻለሁ።

አሁን አንዷን አበባ ቀጥፈሽ መዳፍሽ ላይ አስቀምጫት። ስፋቷ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የምታደላ፣ እንደ ጽጌረዳ ዓይን የማትጠራ ትንሽ ነገር ናት። ዙሪያዋን ስድስት ቅጠል አላት። ውስጧ ጫፋቸው ላይ የዱቄት ከረጢት የተሸከሙ ዘጠኝ ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። መሃል ላይ አንዲት ምሰሶ ቆማለች። ምሰሶዋ የሴት ወገን ናት፤ ከሥሯ ያለችው እብጠት ወደፊት አቮካዶ የምትሆነው ናት። ዘጠኙ ዘንጎች የወንድ ወገን ናቸው። እስከዚህ ድረስ ከሌላው አበባ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው ስትከፈት ነው።

አበባዋ በሕይወቷ ሁለት ጊዜ ትከፈታለች። የመጀመሪያውን ጊዜ ስትከፈት ዘጠኙ ዘንጎች ገና አጫጭር ናቸው፤ ወደ ውጭ ተኝተው፣ ከቅጠሎቹ ጋር ተለጥፈው ታገኛቸዋለሽ። ከረጢቶቻቸው ዝግ ናቸው፤ በጣትሽ ብትነኪ ምንም አይወጣም። ምሰሶዋ መሃል ላይ ብቻዋን ቀጥ ብላለች፣ ጫፏ ነጭና ትኩስ ነው። በዚህ ጊዜ አበባዋ ሴት ናት፤ ዱቄት ትቀበላለች፣ አትሰጥም። ጥቂት ሰዓት እንዲህ ቆይታ ትዘጋለች። ስትዘጋ ያላበበ እምቡጥ ስለምትመስል ሰው ልብ ሳይላት ያልፋል። በማግስቱ ስትከፈት ሌላ አበባ ሆናለች። ዘንጎቹ ረዝመዋል፤ ስድስቱ ጋደል ብለዋል፣ ሦስቱ ምሰሶዋን ከበው ቆመዋል። እያንዳንዱ ከረጢት አራት ትናንሽ ክዳን አለው፤ ክዳኖቹ ከታች ወደ ላይ ተነስተው ዱቄቱን አውጥተዋል። የምሰሶዋ ጫፍ ግን ብዙውን ጊዜ ጠውልጎ ቡናማ መምሰል ጀምሯል። አሁን ወንድ ናት። ማታ ትዘጋለች፤ ከዚያ ወዲያ አትከፈትም።

ስለዚህ የራሷን ዱቄት ለራሷ ለመስጠት ስትደርስ ጊዜው አልፎባታል። ገዢው በጠዋት መጥቶ ሄዷል፣ ሻጩ ዕቃውን የሚዘረጋው በነጋታው ከሰዓት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረም፤ ዛፉ ላይ ብዙ ሺህ አበባ ስላለ የአንዷን ሴትነት ከሌላዋ ወንድነት ማገናኘት ይቻል ነበር። ነገሩን የሚያከብደው አንድ ዛፍ ላይ ያሉት አበቦች በአንድ ላይ መክፈታቸውና በአንድ ላይ መዝጋታቸው ነው። ዛሬ ረፋድ ላይ ሴት የሆኑት በሙሉ ዛሬ ሴት ናቸው፤ ትናንት ሴት የነበሩት ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ወንድ ሆነው ይከፈታሉ። በመሃል፣ ቀትር ላይ፣ ዛፉ ያበበ የማይመስልበት ጊዜ ይኖራል። አንቺ ከምሳ በኋላ ተዘግቶ ያገኘሽው ያንን ነው። ጥሩ ዓይን አለሽ፤ ብዙ ሰው ሰባት ዓመት አብሮት ኖሮ አያስተውለውም።

ዝርያዎቹ በዚህ ሰዓት አያያዝ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። በውጭ መጻሕፍት «ኤ» እና «ቢ» ይሏቸዋል፤ እኔ «ሀ» እና «ለ» እላቸዋለሁ፣ ለማስታወስም ይመቻል፤ ሀስ የ«ሀ» ወገን ነውና። የ«ሀ» ወገን አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ሴት ሆኖ ይከፈትና ወደ 6 ሰዓት ይዘጋል፤ ወንድ ሆኖ የሚከፈተው በማግስቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ነው። ከመጀመሪያው መከፈት እስከ መጨረሻው መዘጋት አንድ ቀን ተኩል ይፈጅበታል። የ«ለ» ወገን ተቃራኒው ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ 8 ሰዓት ግድም፣ ሴት ሆኖ ይከፈታል፣ ሲመሽ ይዘጋል፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ ይሆናል። አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ሁለቱንም ሥራ ጨረሰ ማለት ነው። ጠዋት ሀስ ሴት ሲሆን ጎኑ ያለው የ«ለ» ወገን ዱቄት ዘርግቶ ይጠብቀዋል፤ ከሰዓት ሀስ ዱቄት ሲያወጣ ያኛው ሴት ሆኖ ይቀበላል። ጠዋትም ማታም ገበያው ሞላ። በአገራችን ከሚታወቁት ውስጥ ሀስና ፒንከርተን የ«ሀ» ናቸው፤ ፉዌርቴ፣ ኢቲንገር፣ ናባልና ቤከን የ«ለ» ናቸው።

አሁን የእኔን ስህተት ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ደምበጫ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ተልኬ ነበር። ሁለት ፉዌርቴ አላቸው፣ ፍሬ ትንሽ ነው። እኔ ትጉህ ነኝ፤ ሦስት ቀን ተመላልሼ አየኋቸው፣ ሦስቱንም ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ። ሦስቱንም ቀን ያየሁት ዱቄት ብቻ ነው፤ የአንዷም አበባ ምሰሶ ጫፍ ነጭ ሆኖ አልታየኝም። የሴት ወገኑ አይሠራም ብዬ ወሰንኩ፤ ዛፎቹን በሌላ እንዲተኩ ልጽፍላቸው ደብተሬን አወጣሁ። ወደ ከተማ የምትመልሰኝ መኪና ቀረችና ሽማግሌው ምሳ ካላበላሁህ፣ ቡና ካላጠጣሁህ አሉ። 9 ሰዓት ላይ እጄን ልታጠብ ወጥቼ ቀና ስል ሁለቱም ዛፎች ከላይ እስከ ታች በነጭ ጫፍ ተሞልተዋል። ሴት የሚሆኑት ከሰዓት መሆኑን ከክፍል ትምህርት አውቀው ነበር፤ ግን ዓይኔ አላወቀውም። ለሽማግሌው እውነቱን ነገርኳቸው። ስቀው ላም እንኳ ጠዋትና ማታ እንደምትታለብ አስታወሱኝ። ከዚያ ወዲህ አቮካዶን አንድ ጊዜ አይቼ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1922 ኒሮዲ የተባለ ተመራማሪ፣ በ1923 ደግሞ የኒውዮርክ የዕፅዋት አትክልት ስፍራ ባለሙያ የነበረው ስታውት የአበባውን ሁለት ጊዜ መከፈት በዝርዝር ጽፈውታል። ስታውት ደቡብ ካሊፎርኒያ ሄዶ ዛፎቹን ከጠዋት እስከ ማታ ሲከታተል ነበር። ለምን እንዲህ ሆነ የምትዪ እንደሆነ፣ ብዙ ተክል ከራሱ ጋር እንዳይዳቀል የሚያደርግበት የየራሱ ዘዴ አለው። አንዱ ወንዱንና ሴቱን በሁለት ዛፍ ይለያል፤ ኮሶ እንዲያ ነው። አንዱ በአንድ ዛፍ ላይ በቦታ ይለያል፤ በቆሎን እዪ፣ ወንዱ አናቱ ላይ ነው፣ ሴቷ ብብቱ ሥር ናት። አቮካዶ የሚለየው በሰዓት ነው። ሾላማ ጭራሽ አበባውን ከዓይን ሰውሮ ፍሬው ውስጥ ደብቆታል፤ ሾላ በድፍን የሚባለው እውነትም ነው፣ ሾላ ስትከፍቺ ውስጡ የምታዪው ሁሉ አበባ ነው፣ ዱቄቱን የምታደርሰውም ዓይን የማይሞላ ተርብ ናት። እሱ ግን ለሌላ ቀን ይቆየን።

ወደ ዛፋችሁ ልመለስ። ሀስ የሚባለው ዝርያ የመጣው ከአንድ ዛፍ ነው። ሩዶልፍ ሀስ የተባለ የካሊፎርኒያ ፖስተኛ እ.ኤ.አ. በ1926 ከዘር ያበቀለው ዛፍ ነው። ሰውየው በዚያ ችግኝ ላይ የፉዌርቴ ቀንበጥ ሊያዳቅልበት ነበር ሐሳቡ፤ ቀንበጡ ደጋግሞ አልይዝ ሲለው እንዳለ እንዲያድግ ተወው። በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣበት። እናት ዛፉ በሥር ብስባሽ ታሞ በ2002 ደረቀ። ዛሬ ቆጋ ላይ፣ ቡሬ ላይ፣ ኬንያ ላይ፣ ፔሩ ላይ ያለው ሀስ ሁሉ ከዚያ ዛፍ ቀንበጥ እየተቆረጠ፣ እየተዳቀለ የበዛ ነው። ስለዚህ ሰዓቱም አንድ ነው። መቶ ሀስ ብትተክዪ ለአበባው ጉዳይ አንድ ትልቅ ዛፍ እንደተከልሽ ቁጠሪው፤ ሁሉም ረፋድ ላይ ሴት፣ ሁሉም ከሰዓት ወንድ ናቸው።

ብዙ ቦታ የማየው ቅሬታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት ማልማት ከጀመረ ወዲህ በመራዊ ዙሪያ ሀስ በብዛት ተተክሏል። ጥሩ ነው፤ ቆዳው ወፍራም ነው፣ መንገድ ይችላል፣ ገበያም አለው። ነገር ግን ችግኙን ሲተክሉ ከዘር የበቀለውን የድሮውን ዛፍ የሚቆርጡ አሉ፤ ፍሬው ትንሽ ነው፣ ቃጫ አለው፣ ቦታ ይይዛል እየተባለ። ከዘር የበቀለ አቮካዶ የእናቱን ጠባይ አይወርስም፤ አንዱ የ«ሀ» ይሆናል፣ ሌላው የ«ለ»። በአንድ መንደር ስምንት አሥር የዘር አቮካዶ ካለ ከመካከላቸው ሁለቱም ወገን የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን ሳያውቁት ነበር የሚጠቀሙበት። እኔ በበኩሌ ገበሬ ጠርቶኝ «አሮጌውን ቆርጬ ሀስ ልተካ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ያ አሮጌ ዛፍ በስንት ሰዓት ሴት እንደሚሆን ነው። የ«ለ» ከሆነ እንኳን መቁረጥ፣ አጥር እጠርለት ነው የምለው። በአካባቢያችሁም ያለፉት ጥቂት ዓመታት የዘር አቮካዶ የተቆረጠ እንደሆነ እናትሽን ጠይቂያቸው፤ ምርቱ የቀነሰበት ዓመት ከዚያ ጋር ይገጥም ይሆናል።

እንግዲህ ሀስ ብቻውን ጨርሶ አያፈራም ማለቴ አይደለም። ብቻውን ሆኖ በርከት አድርጎ የሚያፈራበት አገር አለ፤ እናንተም ሃያ ገደማ ለቅማችኋል። ያ ሃያ ከየት መጣ ካልሽ ከብርዱ ነው። ከላይ የነገርኩሽ ሰዓት ልክ የሚሆነው ቀኑ ወደ 25 ዲግሪ፣ ሌሊቱም ሞቅ ያለ ሲሆን ነው። ወይናደጋው ጎጃም ግን ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። አበባው በብርድ ይዘገያል። ረፋድ ላይ ሴት ሆኖ መከፈት የነበረበት ቀትር ላይ ይከፈታል፤ የትናንቱ ወንድ ደግሞ በሰዓቱ ወይም ተጓትቶ ይመጣና ሁለቱ ዛፉ ላይ ለአንድ ለሁለት ሰዓት ይገናኛሉ። ይህ መዛባት ለብቸኛ ሀስ በረከት ነው። ለ«ለ» ወገን ግን ጉዳት ነው፤ ከሰዓት መከፈት የነበረበት ሴቴ እየዘገየ ይመሻል፣ ብርዱ ሲበረታማ ሴት ሆኖ መከፈቱን ዘሎ በወንድነቱ ብቻ የሚከፈትበት ቀን አለ። ፉዌርቴ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ በምርት የሚታማው አንዱ በዚህ ነው። ስለዚህ ጓሯችሁ የ«ለ» ወገን ስታስገቡ ዋና ምርት ከእሱ አትጠብቁ፤ የመጣው ለሀሱ ነው።

ስለ ንብ ካልተናገርኩ መልሱ ግማሽ ነው። የአቮካዶ ዱቄት የሚያጣብቅ ነውና ነፋስ አያደርሰውም፤ ተሸካሚ ይፈልጋል። ጎጃም ላይ ንብ የለም የሚል የለም። ግን ንብ ትመርጣለች። አቮካዶ የመካከለኛው አሜሪካ ልጅ ነው፤ ማር ንብ ወደዚያ የተወሰደችው ከአውሮፓውያን ጋር ነው፤ ከዚያ በፊት አበባውን ከሚጎበኙት ዋነኞቹ መናደፊያ የሌላቸው ጥቃቅን ንቦች ነበሩ፤ የእኛ ጣዝማ ዘመዶች ማለት ነው። ማር ንብ አቮካዶን ስታገኝ ትሄድበታለች እንጂ የመጀመሪያ ምርጫዋ አይደለም። የአቮካዶ ጣፋጭ ፈሳሽ ውስጥ ፔርሲቶል የሚባል ሌላ አበባ ላይ ብዙም የማይገኝ ዓይነት ስኳር አለ፤ ከእሱ የሚወጣው ማርም ጠቆር ያለ ነው። ጥቅምት ላይ ደግሞ በዙሪያችሁ ሜዳው በሜጭ፣ ማሳው በኑግ ቢጫ ለብሷል። ንብ ከዚያ ሁሉ ድግስ መሃል ያቺን አረንጓዴ አበባ መርጣ እንድትመጣ ቀፎው ቢቀርባት ይሻላል። አንድ ሁለት ቀፎ አበባው መፈንዳት ሲጀምር ከዛፉ ብዙ ሳይርቅ ማስቀመጥ ይረዳል፤ አስቀድሞ ወር ሙሉ ከተቀመጠ ግን ንቦቹ ሌላ ሜዳ ይለምዳሉ። በጓሯችሁ የጣዝማ ጉድጓድ ካለ ለማሩ ብላችሁ አታፍርሱት። ዝንቡም ቢሆን ይሠራል፤ አበባው ላይ ዝንብ ስታዪ አታባርሪ።

አንድ ነገር በጥብቅ የምለው አለ። አካባቢያችሁ መስኖ ነው፤ ሽንኩርትና በርበሬ፣ ጫትም ይረጫል። አቮካዶው ባበበበት ሰሞን ረፋድ ላይ ፀረ ተባይ የረጨ ሰው፣ በዛፉ ላይ ሳይሆን አጥር ማዶ እንኳ ቢረጭ፣ ያን ዓመት የእናንተን ፍሬ ቆርጦ እንደጣለ ቁጠሩት። ጎረቤቶቻችሁን በሰላም አነጋግሯቸው፤ መርጨት ግድ ከሆነ ሲመሽ፣ ንብ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ይሁን። ጎረቤታችሁ ስለ ዛፉ ተጨንቀው ሊያዩ የመጡ ሰው ናቸውና ይሰሙሻል ብዬ አስባለሁ።

የአበባው መርገፍም እንዳያስደነግጥሽ። የጎለመሰ አቮካዶ በአንድ ወቅት ሚሊዮን ገደማ አበባ ሊያወጣ ይችላል። ከሺህ አበባ አንዷ እስከ መጨረሻው ብትደርስ ዛፉ ጥሩ አፈራ ይባላል። የቀረው መርገፉ የተለመደ ነው፤ ዛፍ ሙሉ ፍሬ ማለት ቅርንጫፍ ሙሉ ስብራት ነው። እንዲያውም ፍሬ ያዘ ብለሽ ደስ ካለሽ በኋላም ጓያ ጓያ የሚያህሉ፣ ኋላም ለውዝ የሚያህሉ ብዙ ይረግፋሉ። አንዳንዴም ጣት የሚያህል፣ ቀጭን፣ ፍሬ ዘር የሌለው አቮካዶ ታገኛላችሁ፤ በሽታ አይደለም፣ ዘሩ በመጀመሪያው ሰሞን የመከነበት ነው። ይበላል፣ ልጆች ከነልጣጩ ይወዱታል። ስለዚህ የምትቆጥሪው የረገፈውን አይሁን፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቅርንጫፉ ላይ የቀረውን ቁጠሪ።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ገና ምንም ነገር ከመግዛትሽ በፊት ዛፉን ሁለት ቀን እዪው። አንድ ቅርንጫፍ ምረጪ፤ ለነገ የሚከፈቱ የሚመስሉ አሥር እምቡጦች ሥር ቀይ ክር እሰሪ። ቀይ ክር ያልኩሽ ነጭ ከአበባው ጋር ስለሚምታታ ነው። በ3 ሰዓት ተኩል፣ በ6 ሰዓት፣ በ9 ሰዓትና በ11 ሰዓት እዪና በደብተር ጻፊ፤ ክፍት ነው ዝግ፣ ምሰሶዋ ብቻዋን ናት ወይስ ተከባለች፣ ዱቄት አለ የለም። በማግስቱ ድገሚው። በስልክሽ ካሜራ አጉልተሽ ብታነሺ ይበልጥ ይታይሻል። የሌሊቱንም ብርድ አብረሽ ጻፊ፤ ብርድ ካደረ ሰዓቱ እንደሚንሸራተት ነግሬሻለሁ። ከጻፍሽልኝ ስገምት ዛፋችሁ እውነትም የ«ሀ» ነው፤ ቢሆንም አረጋግጪ። ሀስ ተብሎ የተሸጠ ሁሉ ሀስ አይደለምና። እኔ ራሴ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ሀስ ብዬ የገዛሁት ከአራት ዓመት በኋላ ከሰዓት ሴት ሆኖ ተከፈተና አሳቀኝ፣ አናደደኝም።

ቀጥሎ መንደሩን ዙሪ። የዘር አቮካዶም ሆነ የተዳቀለ፣ ጠዋት ዱቄት የሚሰጥ ዛፍ ፈልጊ። ካገኘሽ የዛን ቀን ጠዋት ያበበ ትንሽ ዘለላ ቀጥፈሽ ወስደሽ የእናንተው ሀስ ሴት በሆነበት ሰዓት ቀይ ክር ያለባቸውን አበቦች በእጅሽ እየነካካሽ ዱቄቱን አሳልፊላቸው። ሰው በዚህ መንገድ ዛፍ ሙሉ አያዳቅልም፤ ጎረቤታችሁን ለማሳመን ግን ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ የዚያች ቅርንጫፍ ፍሬ ይበልጣል።

ዘላቂው መፍትሔ ከሁለት አንዱ ነው። ቦታ ካላችሁ አንድ ኢቲንገር ወይም ፉዌርቴ ችግኝ አጠገቡ ትከሉ፤ ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ትጠብቃላችሁ። ቦታ ከሌለ፣ የእናትሽ ጓሮም ጠባብ ይመስለኛል፣ ከ«ለ» ወገን ዛፍ ቀንበጥ ወስዳችሁ እዚያው ሀሱ አንድ ቅርንጫፍ ላይ አዳቅሉት። በአንድ ግንድ ላይ ሁለቱም ወገን ይኖራሉ ማለት ነው። እኔ ለጓሮ የምመርጠው ይህን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ንቧም ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ለመሄድ አጥር አትሻገርም። ቀንበጡ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ይኑረው፣ እምቡጡ ያበጠ ግን ያልፈነዳ ይሁን፤ ቅጠሉን ቆርጣችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በዕለቱ ተጠቀሙበት። በአካባቢያችሁ የችግኝ ጣቢያ የሚሠራ፣ እጁ የለመደ ሰው ቢያደርገው ይሻላል። ጊዜው ብርዱ ሲለቅ፣ ዛፉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ የካቲትና መጋቢት ገደማ ነው። የተዳቀለውን ቅርንጫፍ ከፀሐይ በወረቀት ከልሉት፤ ከበላዩ የሚያጠላበት የሀስ ቅጠል ካለም አሳሱለት፣ ሀሱ ጉልበተኛ ስለሆነ አዲሱን ይውጠዋል። በየዓመቱ ስትገርዙም ያቺን ቅርንጫፍ የሚለይ ምልክት ይኑራት፤ ሳያውቁ የሚቆርጧት ብዙ ናቸው።

ውኃና ማዳበሪያም ላይ ሁለት ቃል። በአበባው ሰሞን ዛፉ ይጠማል፤ አበባው ራሱ ውኃ ያተናል። መስኖው ተራ ሲደርሳችሁ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ስጡት እንጂ ወር አድርቃችሁ በአንድ ቀን አታጥለቅልቁት። ውኃ ከሥሩ ሲተኛ ያንን የሀስን እናት ዛፍ የገደለውን የሥር ብስባሽ ትጋብዛላችሁ። ዩሪያን አበባ ላይ አትስጡ፤ ቅጠል ይገፋል፣ አዲሱ ቅጠል ከትንሿ ፍሬ ጋር ይሻማል። ፍግ ከፈለጋችሁ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ።

እናትሽን በተመለከተ፣ የበለሷን ምሳሌ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል፤ ሦስት ዓመት ፍሬ አጥቶባት ቁረጣት ያለውን ጌታና ዘንድሮን ተዋት፣ ዙሪያዋን እኮተኩታለሁ፣ ፍግ አፈስባታለሁ ያለውን አትክልተኛ። እኔ ከአትክልተኛው ጋር ነኝ፤ የምጨምርበት አንድ ነገር ግን አለኝ። ከመኮትኮቱም ከፍጉም በፊት ቀን ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብሎ መዋል ነበረበት።

የሁለቱን ቀን ማስታወሻ ስትጨርሺ ፎቶውን ጨምረሽ ላኪልኝ። በተለይ የ9 ሰዓቱን አትርሺ።